ቀኝ ስላት

ዓርብ ነው፤ ከሰዓት። ሽኩር ሂሉክሱን
አስፋልት ዳር አቁሞ ከፈተ በሩን።
ከኡም አል ቁዌይን ጀርባ፣ ጨው ያበበበት ሜዳ፣
ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ጥላ የሚጥል ግድግዳ፤
ከሩቅ የግመል አጥር፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር፣
ነፋሱም ጨው ጨው ይላል ከንፈር ላይ ሲያድር።

ከመሰላሉ ሥር፣ ከመዳብ ቱቦው ጥቅል፣
አውሮፕላኔን አወጣሁ፤ ፎም ናት፣ እጅግ ቀላል፤
ሆዷ ላይ ቢጫ መስመር፣ ጅራቷ ላይ «ቢጁ»፣
የፊተኛው ጌታዋ ስሙን የጻፈው በእጁ።

ቢጁ ኬራላ ገባ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ።
ሦስት መቶ ድርሃም ብሎ፣ በዋጋ ሳያስጨንቅ፣
ከነሳጥኗ ሸጠልኝ፤ ክዳኑ ውስጥ ግን
ለጥፎ ተወልኝ የገዛ ሕጉን፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ በካምፓችን ዓረብኛ፦
«ባትሪ ለካ። ብሎን አጥብቅ። ክንፍ ነቅንቅ። ሽቦ አጣራ።
ቀኝ በል፤ ክንፉን እይ። ግራ በል፤ ክንፉን እይ።
ቀኝ በል፤ ደግመህ እይ። ከዚያ በኋላ አትፍራ።»

እኔ'ኮ ፍተሻ የማላውቅ አይደለሁም፤
የሰው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳልለካ አልነካም፤
የሰው ኤሲ ስጠግን፣ የሰው ቤት ሳበርድ፣
ማብሪያውን ሳልዘጋ እጄ አይነካም ገመድ።
የራሴ ዕቃ ሲሆን ግን… እንጃ፣ ምን ልበል፣
ዓርብ አጭር ቀን ነው፤ ሰውን ያስቸኩላል።

ሐሙስ ሌሊት ነው ነገሩ። ስምንት ሰው ባለበት፣
በላይኛው አልጋ ላይ፣ በስልክ መብራት፣
የክንፏን ምላስ የሚያዝ፣ ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጥ፣
ትንሿን ሞተር ቀየርኩ፤ ከዴይራ፣ ርካሽ፣ የማይመረጥ።
ታች ያለው ሲያንኮራፋ ሽቦውን ሰካሁት።
በየት በኩል? እንጃ። ሰካሁ፤ ተኛሁት።

አንድ ጥቁር ላንድክሩዘር መጥቶ አጠገባችን፣
ነጭ የለበሰ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆን፣
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ያላ!» አለን፣ «ትብረር!»
ሽኩርም ፀሐይዋን አይቶ፣ «በል፣ መግሪብ ሳይነገር።»
ሳጥኑን ስከፍተው የቢጁ ወረቀት
ክዳኑ ላይ ነበር። አየሁት። ዘጋሁት።
ሰው ፊት ቀኝ ግራ እያልኩ፣ ክንፍ እየነካካሁ፣
ጀማሪ እንዳልመስል፣ እሱን ብቻ ፈራሁ።

ለሽኩር ሰጠሁት፤ ከራሱ በላይ ይዞ
ሮጠና ወረወራት ነፋሱን ተመርኩዞ።
ወጣች!
ለሦስት የልብ ምት፣ ለአራት፣ ቀጥ ብላ ሄደች፣
ሆዷን ፀሐይ ሲመታት በቢጫው ደመቀች፣
ልጁ አጨበጨበ፤ ሽኩር «ማሻአላህ» አለ፤
ከባሕሩ ነፋስ መጥቶ ክንፏን አዘነበለ፣
ትንሽ፣ ወደ ግራ።

ቀኝ አልኳት። ግራ ዘመመች።
አጥብቄ ቀኝ አልኳት፤ አጥብቃ ግራ ሄደች።
አውራ ጣቴ ሲለምን፣ ሲምል፣ ሲገፋ፣
ባረምኳት ቁጥር ባሰች፤ ማረሜ ራሱ አጠፋ።
እምቢ አላለችም'ኮ! ያልኳትን ሰምታለች፤
በሰካሁላት በኩል እየታዘዘች ዞረች።
ተገለበጠች። ሆዷ ሰማይ አየ።

ድምፁ እንኳን ትንሽ ነበር፤ ካርቶን እንደ መርገጥ።
ግመሎቹ አንዴ ቀና፣ ተመልሰው ማላመጥ።
መስኮቱ ወደ ላይ ወጣ። ላንድክሩዘሩ ሄደ።
ጎማው ያስነሳው አቧራ በእኛ ላይ ወረደ።

አፍንጫዋ ተጨፍልቆ፣ ጅራቷ ተቀንጥሶ፣
የቢጁ ስም ለሁለት እንደ ቂጣ ተቆርሶ…
ተንበረከክሁ። ጨዉ በሱሪዬ ዘለቀ።
ሪሞቱ አሁንም በራ፤ ባትሪው አላለቀ።
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በስብርባሪዋ ፊት
በቀስታ ቀኝ አልኳት።
የቀኙ ክንፍ ምላስ፣ መነሳት ሲኖርባት፣
«ዚዝ» ብላ ወረደች፣ እዚያው በወደቀችበት።
ግራ አልኳት፤ ተነሳች። ቀኝ አልኳት፤ ወረደች።
ደግሜ አየኋት፤ ያው ናት፤ እሷማ መቼ ዋሸች።

ሽኩር ፌስታል አመጣ፤ ቁርጥራጭ ለቀምን፤
አንዲት ብሎን ስትቀር ሁሉንም አገኘን።

ማታ ለቢጁ ደወልኩ። ኬራላ ዝናብ ነው፤
ከድምፁ ቀድሞ ሰማሁት ቆርቆሮ ሲመታው።
ነፋሱን ወነጀልኩ፣ የዴይራን ነጋዴ፣
የልጁን «ያላ» ደግሞ፤ ሰበብ ማብዛት ልማዴ።
ዝም ብሎ ሰማኝና፣ ቆይቶ፣ «ጨረስህ?»
«ጨረስኩ።»
«ቀኝ ብለህ፣ ክንፉን አየህ?»

«አዎ፣ አይቻለሁ» አልኩት። አልዋሸሁም።
መቼ፣ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።