የቁጥር ሰፊው ግምት

ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ውድድሩ ይጀመራል፤
አሰልጣኙ በድሉ ስም ይጽፋል፣ ጽፎ ይሰርዛል።
እኔን ግን ማንም አይጠይቀኝ።
የካ አባዶ፣ ደረጃው ሥር፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ
አሥር ማልያ ጉልበቴ ላይ ከምሬ
ቡድኑን አነባለሁ በመርፌዬ።

አሥር ነው ያልኩት። በረኛው የራሱን ገዝቷል፣ ለእኔ አይሰጥም፤
ስለራሱ ራሱ ይተንብይ፣ እኔ ስለሱ አላወራም።

ሁለት ቁጥር የነስሩ ነው። ትከሻው ላይ ሦስቴ ጠቅሜዋለሁ፤
የሚያሳድዱት ሁሉ ጨርቁን ይዘው ይቀራሉ፣ እሱ ሄዷል።
ዘንድሮም ይቀደዳል። ደስ ይለኛል። ክር ገዝቻለሁ።

አራት ቁጥር ከጉለሌ ቤታቸው ፈርሶ የመጣ፣
ቁመቱ ከማልያው ቀድሞ የወጣ።
እምብርቱ እንዳይታይ አንድ ስንዝር ቀጠልኩለት፤
ቀለሙ ይለያል፣ ከሩቅ ሲያዩት ቀበቶ ይመስላል።
የማዕዘን ምት ሲመጣ ግን ማን ቀበቶ ያያል?
በግንባሩ ሁለተኛ ፎቅ ያንኳኳል።

ጋሽ ፍስሐን፣ አምስት ቁጥርን፣ በየዓመቱ ጎኑን እፈታለታለሁ፤
ዘንድሮ የሚፈታ ስፌት አልቆብኛል።
ሮጦ አይደርስም። ኳሷ ናት የምትደርስበት፤
ዕቁብ ሰብሳቢ ዘንድ እንደሚሄድ ገንዘብ
ቀኗን ቆጥራ፣ ራሷ ትመጣለች።

ስድስትና ስምንት መንትዮቹ ናቸው፣ ሌንጮና ጉርሜሳ።
አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ብሎኬት ይጭናል፤
ባለ ባጃጁ አርፍዶ ይመጣል፣ ባለ ብሎኬቱ ዝሎ፤
ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ሰው የሚወጣቸው
ከእረፍት በኋላ ነው።
ምክሬ፦ የመጀመሪያውን አጋማሽ አትዩ።

ቆርኪ ሌላ ስም አለው፤ እናቱም ረስታዋለች።
የሰባት ቁጥር ግራ እጅጌ ከቀኙ ይበልጥ ነትቧል፤
አፍንጫውን በሱ ይጠርጋል፣ የሚጠርገው ሲያስብ ነው።
ሲጠርግ ያያችሁ ተከላካዮች፣ ቦታችሁን ያዙ።

አሥራ አንድ፦ ግራ እግሩ ወርቅ፣ ቀኙ ለመቆሚያ።

ምንተስኖትን ምን ልበል? አሥር ቁጥር፤
ማልያው እንደሰጠሁት ይመለሳል፣ ላብ ያልጠለቀ፣
መሬት የሚባለውን በስም እንጂ በአካል ያላወቀ።
መንደሩ ለሱ ያጨበጭባል።
እኔን ግን የማይቀደድ ልብስ ያሳዝነኛል።

ኢዘዲን ከጥቅምት ወዲህ አላገባም።
"ኳሷ ጠልታኛለች" ይላል። ክረምቱን ግን አየሁት፣
ከሱቅ መልስ፣ በዝናብ፣ ብቻውን
ከግንባታው አጥር ቆርቆሮ ጋር ሲቀባበል።
(አጥሩ የሜዳችንን አንድ ማዕዘን ከበላ ዓመት ሞላው፤
ቢያንስ ኳስ ይመልሳል።)
እስከ አራት ሰዓት ሌሊት ቆርቆሮው ጮኸ፣ ጎረቤት ተሳደበ፤
ዘጠኝ ቁጥር አሥር ጎል ያገባል ብዬ
ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ሁለት መቶ ብር ተወራርጃለሁ።

ሦስት ቁጥር ቀረ።

ዋቅጅራ ከሐምሌ ወዲህ የለም።
ስልኩ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ አሁን አይጠራም።
ማልያውን እናቱ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ አመጣችው፤
"ቁጥሩን እንዳትፈታው" አለችኝ። ሌላ አላለችም።
በድሉ ደግሞ "ፍታውና ለአዲሱ ልጅ ስጠው" አለ፤
"በግራ በኩል ባዶ ነን፣ ነፋስ እየገባ ነው።"

ሁለቱም ልክ ናቸው።
ምላጩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ደግሜ አነሳሁት።
የራሴን ስፌት ጫፉን ፈለግሁ፤ ጠንካራ ነው፣
ሁለት ዓመት በጭቃ ተጎትቶ አንድ ክር አልላላም።

ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ
ከተረፈኝ ነጭ መጋረጃ
ሌላ ሦስት ቆረጥኩ። ትንሽ ጎበጠ፣ ሆዱም በዛ፤
ግድ የለም፣ ለአዲሱ ልጅ ይሆናል።
ያኛው እንደታጠፈ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ፣
ከትርፍ ቁልፎቹ ጋር።

አንድ እሁድ ሜዳው ላይ ሁለት ሦስት ቁጥር ቢታይ
ዳኛው ይቁጠር።
የእኔ ሥራ መስፋት ነው፤ መቀነስ አልተማርኩም።