ምስጋና ለአባዜዬ

ሌላው ለጤናው ያመስግን፣ ሌላው ላገኘው ሲሳይ፤
እኔስ ላንተ ነው፣ አባዜዬ፣ ለማታስተኛኝ ጉዳይ።
ድሬ በቀትር ሱቋን ዘግታ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣
ቬንትሌተር ሥር ስታንጎላጅ፣ ሽርጧን በውሃ ነክራ ተኝታ፣
እኔ ፋርማሲዬን ቆልፌ፣ መነጽሬን በክር አስሬ፣
አቧራ ልምግ እወጣለሁ፣ ከዚራን በጥላ ዞሬ።

ባለቤቴ ይስቅብኛል፦ «ሙታን መፈለግ ሥራ ነው?
በሕይወት ያሉት ዘመዶችሽ፣ ማን አለና የሚጠይቃቸው?»
እውነቱን ነው።
አክስቴ ወርቅያንሹ ታማ፣ ሦስት ወር ደጇን አልረገጥኩም፤
ይህን ደብቄ ባመሰግን፣ እኔው ራሴን አላምንም።

የጀመረኝ ስድስተኛ ክፍል። «ሰባት ቤት ቁጠሪ» ተብዬ፣
እልፍነሽ፣ ዘነበ፣ ጉርሙ፣ ሮብሌ... ቀረሁ ተንጠልጥዬ።
ልጆች ሳቁ። «ሮብሌማ የሶማሌ ስም ነው» አሉ።
ማታ አባቴን ብጠይቀው፣ «ተይው፣ የድሮ ነው ሁሉ።»
ያቺ «ተይው» ናት ዘሩ። እሷ ናት የበቀለችብኝ፤
አርባ ዓመት፣ ከመድኃኒቱ መደርደሪያ ኋላ ያደገችብኝ።

ደግሞ አንድ ተረት ነበረን፣ ለእንግዳ ሁሉ የሚነገር፦
አባቴ «ዘነበ» የተባለው፣ ደቻቱ ሲያጓራ ከዳር ዳር፣
ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ በዚያ ሌሊት ተወልዶ ነው፤
አዋላጇን በጀርባው አዝሎ፣ አንድ ጎረምሳ አሻግሮ ነው።
አመንኩ። ዝናብን ማን ይጠራጠራል?

አቶ ከሊፋ፣ የመዝገብ ቤቱ ባለ ቁልፍ፣ ሻሂውን በቅመም አድርጎ፣
«ዛሬም መጣሽ፣ የሙት ልጅ?» ይለኛል፣ ወንበሩን በክንዱ ጠርጎ።
ፈረንሳይኛውን እሱ ያነባል፤ ግማሹን ደግሞ ይገምታል፤
ምስጥ የበላውን ቃል ግን፣ ባዶውን እንተወዋለን፤ ይሻላል።

አንድ ማክሰኞ ካርዱ ወጣ። የዛገ ስፒል ነክሶታል።
«ጉርሙ። ዕድሜ፣ ዐሥር ገደማ። ከባቡር ላይ ብቻውን የወረደ።
አባት...» ብዕሩ እዚህ ቆሟል።
ከሥሩ፣ በሌላ ሰው እጅ፦
«አይታወቅም። ሐዲድ ቀያሪው ሮብሌ፣ የኔ ነው ብሏል።»

የኔ ነው።
ሁለት ቃል፣ አንድ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ።
አቶ ከሊፋ መነጽሩን አወለቀ። ሻሂው ቀዘቀዘ።
ማናችንም አልተናገርንም።

ከዚያው መደርደሪያ ላይ፣ የጣቢያው የዝናብ ደብተር ነበር።
የአባቴን ወር፣ ጥርን ገለጥኩ፤ ቀን በቀን፣ መስመር በመስመር፦
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
አንድ ጠብታ የለም። ደቻቱ አሸዋ ብቻ ነበር፤
ያ ጎረምሳም ከነጀርባው፣ ከነአዋላጇ ጠፋ፣ ደረቀብኝ።

ገንደ ቆሬ ወረድኩ። የሮብሌ የልጅ ልጅ፣ እማማ ሲራድ፣
የተደፋ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ፣ ፍየሏን ከቲማቲሟ ስታባርር አገኘኋት።
«ሮብሌ ምን ማለት ነው?» ብላት፣ ስቃ ሰማዩን አሳየችኝ፤
«ሮብ ዝናብ ነው። ሮብሌ፣ ባለ ዝናቡ» አለችኝ።

ባለ ዝናቡ።
ዘነበ።
ጉርሙ፣ የማላውቅህ አያቴ፣ ለካ የዘነበው ሰው ነው፤
ያንተን የኔ ያለህን ሰው፣ በልጅህ ስም ሸሽገኸው፣
ደመና በሌለው ጥር ላይ ዝናብ ፈጥረህ አለበስከው።

እና አባዜዬ፣ ላመስግንህ። ምሳዬን ስለነጠቅከኝ፣
ሳንባዬን አቧራ ሞልተህ፣ ደም የማይቆጥረውን ዘመድ ስላስቆጠርከኝ።
ሰባቱ ቤት አልሞላልኝም። ጉርሙን ባቡር ላይ ያሳፈረችው ማን ናት?
ገጹ ባዶ ነው። ምናልባት ምስጥ፣ ምናልባት ማንም አልጠየቃት።

ነገ እሑድ ነው። ወርቅያንሹ ዘንድ እሄዳለሁ፣ መንደሪን ይዤ።
ደብተሬን ቤት እተዋለሁ፤ ምያለሁ።
እርሳስ ብቻ
ቦርሳዬ ሥር ትኑር፣ ምን ይታወቃል።