ሰባተኛው ደብተር

ከሌሊቱ አሥር ሲሆን፣ ደሴቱ በጉም ታፍኖ፣
የጨው ገንዳው ዝም ብሎ፣ በሰማዩ ተከድኖ፣
አማቴ ማልሱን ትነቃለች፤ ፍራሿን ታጥፋለች፣
መነጽሯን በጥርሷ ይዛ የመብራቱን ገመድ ትስባለች።
ዝቅ ያለች ናት ጠረጴዛዋ፣ እግሯን አጥፋ የምትቀመጥባት፣
አንድ ጥጓ በጋለ ድስት የተቃጠለባት።
በላይዋ መጽሐፉ፣ ደብተሩ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፤
ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም፣ ወረቀት ሲፋቅ ብቻ፣ ተግቶ።

በስድሳ አንድ ዓመቷ ነው ፊደል የቆጠረችው፣
በሰንበት ሕፃናት ወንበር ጉልበቷን አጥፋ ያጠናችው።
ለምን እንደምትገለብጥ አንዴ ብጠይቃት፦
«ዐይኔማ ውሻ ነው፣ ይሮጣል፣ ይቅለበለባል፤
እጄ ግን የጨው ሠራተኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሰበስባል።»
ስለዚህ በቀን አንድ ገጽ፣ ሲቀናት ሁለት፣
ዝናብ ካልመጣ ድንገት።

እኔ ምራቷ፣ የሞክፖ ልጅ፣ በጀልባ የመጣሁ ሙሽራ፣
በስልኬ ላይ አንድ ጥቅስ ጠዋት ሲመጣልኝ በተራ፣
አውራ ጣቴ ያልፈዋል፣ ወደ አየር ጠባይ፣ ወደ ወሬ፤
«አሜን» ማለቱን ከረሳሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ እስከ ዛሬ።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ገብታ፣ ቤቱን ሳጸዳ ብቻዬን፣
ሣጥኗን ከፈትኩ፣ ይቅር ትበለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዐይኔን
መንቀል አቃተኝ።
ስድስት ደብተር ሞልቷል፤ በኅዳጉም፣ በጠባቡ ቦታ፣
ከቃሉ ጎን የራሷ ቃል፣ በእርሳስ፣ በዝግታ፦

«ዝናብ። ጨው ለመሸፈን ሮጥኩ። ሁለት መስመር ብቻ።»
«እንቅልፍ ጣለኝ። ይህ ረጅም ሰረዝ የኔ ነው፣ የሐዋርያው አይደለም።»
«የስሞች ዝርዝር። ማን እንደሆኑ አላውቅም። እናቶቻቸው ያውቋቸዋል።»
«ስለ ሻገተ ግድግዳ ሕግ። የኛም ወጥ ቤት ሻግቷል። ፈገፈግኩት።»
«ዛሬ አልጻፍኩም። ተቆጥቻለሁ። በማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

ሰባተኛው ግን፣ ሰባተኛው ደብተር መሐሉ ላይ ይቆማል።
የበደለ ወንድም ስንቴ ይቅር ይባል የሚል ጥያቄ ይነሣል፣
መልሱ ከመጻፉ በፊት ወረቀቱ ባዶ ይሆናል።
ቀን ብቻ ሰፍሯል። ሰኔ ሦስት። ሰኔ አራት።
ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በየሌሊቱ ተነሥታ፣
ገመዱን ስባ፣ ቁጭ ብላ፣ እስክሪብቶውን አንሥታ፣
ያን ባዶ መስመር ስታይ፣ ስታይ፣ ወደ ጨዉ ሄዳለች ትታ።

ነገሩን ባሌ ነገረኝ፦ ወንድሟ ቻንግሶፕ፣ ማዶ ያለው፣
የአባታቸውን ገንዳ ማኅተሟን ሰርቆ የሸጠው።
ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጀልባ ሲሳፈሩ፣
እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ።

በአርባኛው ቀን፣ በኅዳጉ ላይ፦
«የዘንድሮ ጨው፣ አንድ ጆንያ፣ ወሰድኩለት።
በሩን ከፈተ። አርጅቷል። የገብስ ሻይ ጠጣሁለት።»
ከሥሩም ያ መልስ፣ ያ ቁጥር፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣
ከጀርባው ገጽ ይታያል፣ ቀለሙ ወረቀቱን አልፎ።

ይቅር ማለቷን አላውቅም። እንዲያ ብላ አልጻፈችም።
ትናንት ከሆስፒታል መጣች፤ ቀኝ እጇ ግን አልመጣችም።

ዛሬ ሌሊት ያ የገመድ ድምፅ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ፤
ሄጄ ከጎኗ ስቀመጥ ቀና ብላም አላየችኝ።
በግራዋ ትጽፋለች፤ ፊደሉ ይንገዳገዳል፣
እንደ ሰከረ ዓሣ አጥማጅ መስመሩን ስቶ ይወርዳል።
«ያዢልኝ» አለች ደብተሩን። ያዝኩ። በጣቷ አመለከተች፤
ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አንዲቱን ቃል አስደገመች።
እንደገና አስደገመች። እኔ ጥድፊያ የለመድኩት፣
አንዲት ቃል ላይ ቁጭ አልኩ፤ ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁት።

ዝናብ ጀመረ። የገንዳው ጨው ሳይሸፈን እንዳለ ነው።
«መስመሩን ጨርሰሽ ሩጪ» አለችኝ።
ጨረስኩት። ሮጥኩ።
ኅዳጉ ላይ «ዝናብ» ብሎ የጻፈው የኔ እጅ ነው።