ለጋ

ከስታዲየሙ ሥር፣ መስኮት በሌለው ቤት፣
ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ያጠብኩበት፣
ጨዋታ አላይም፤ ድምፅ ነው የምሰማ።
ጣሪያዬ ሲናወጥ፣ ደስ እንዳላት አውቃለሁ ያቺ ከተማ፤
ጭር ሲልም ገባኝ።
ቀሪውን ማሊያው ነው ቁጭ ብሎ የሚያወጋኝ።

የተከላካዩ ሣርና ደም ያወራል፤
የሯጩ ከክርኑ ተቀዶ ይመጣል፤
ቁጥር አርባ አንድ ግን
እንደሰጠሁት ነው፣ እንዳጣጠፍኩት፣
የሳሙናው ሽታ እንኳ አልለቀቀው ከአንገት።

ኤልዊን ቶርሰን ነው ስሙ፣ የደቡብ ዳኮታ ልጅ፣
አባቱ ከሱፍ ማሳው ዳር፣ ከጎተራው ደጅ፣
ሁለት የስልክ ምሰሶ ተክሎለት፣
ያችን ሹል እንቁላል ኳስ ጠዋት ማታ ሲለጋት
ያደገ። ነፋሱን በጆሮው የሚለይ።
ለጋ ነው፤ ይለጋል። ሌላ ሥራው አይታይ።

አንደኛ ዓመቱ ላይ ተቀያሪ ሆኖ
ከረመ፣ ወንበር ላይ ካፖርት ተከድኖ።
ልጆቹ ይቀልዳሉ፦
«ሚስ ኦፓል፣ የሱን እንኳ አትጠቢው፣ ሳሙና ይባክናል፤
እሱኮ ለሠርግ ነው ለብሶ የሚወጣው!»
አብሯቸው ይስቃል፤ ሐፍረቱን ጆሮው ነው ቀልቶ የሚያወጣው።
እኔ ግን አጠብኩት። ወግ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ተራው ደረሰው።
ከሠላሳ ያርድ፣ ከሠላሳ ስምንት፣ ከአርባ፣
ጣሪያዬ ተናጠ፤ ኩባያዬ ተንሸራቶ ከልብሱ መሃል ገባ።
ያን ወር ማሊያውን ገልብጬ ስፈትሸው
ብብቱ ሥር አገኘሁ፣ ነጭ ጨው።
ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ነበር፣ በረዶ ሲጥል ውሎ፤
ማንም አልነካው፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ጎን ብሎ፣
በቃ። ያልሮጠ ሰው ላቡ ከየት መጣ?
ቆይቶ ነው የገባኝ፤ መጠበቅም ላብ ያወጣ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከሃያ ሰባት ያርድ ሳተ።
ሕፃን የሚያስገባውን። ዝምታው ጣሪያዬ ላይ እንደ ድንጋይ ተጎተተ።
ማታ ሁሉም ሲሄድ ወደ እኔ መጣ፣ ማሊያውን በእጁ ይዞ፣
«አልቆሸሸም» አለኝ፣ ጉሮሮው ተይዞ።
«አንድ ሰው ቢጥለኝ፣ አፈር ቢነካኝ ምን አለ?
እንዴት ሰው ተሸንፎ ንጹሕ ልብስ ይመልሳል?» አለ።
ምክር አላውቅም እኔ። የፎጣውን ክምር ወደሱ ገፋሁት።
ሰማንያ ሁለት ፎጣ አጠፍን። ሲጨርስ፣ ደህና እደሪ አለኝ፣ ሸኘሁት።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ። በሁለት ነጥብ እየተመራን፣
ሃምሳ አንድ ያርድ፣ ሦስት ሰከንድ። (ይህን ኋላ ነው የሰማን፣
እኔና ማሽኖቼ።)
ለጋ።
አንድ ግዙፍ መዳፍ ተነሥቶ ሰማዩን ዘጋ።
ኳሷ ነጠረች፤ ባላጋራ አፈፍ አድርጎ በረረ
ወደ እኛ ግብ። ጨዋታው ግን አልቆ ነበረ፤
መሮጥ የማንም ግዴታ አልነበረም። የኛዎቹ እጃቸውን
ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ፣ አቀርቅረው ራሳቸውን።
ኤልዊን ሮጠ። ሥልሳ ስምንት ኪሎ፣ ሸንበቆ የመሰለው፣
ግማሽ ሜዳ ተከትሎ፣ አራት ያርድ ሲቀረው
ከቁርጭምጭሚቱ ተጠምጥሞ ጣለው።
ተሸነፍን። ሁለት ነጥብ ያው ሁለት ነጥብ ነው።

ያን ምሽት ማሊያው መጣ። ደረቱ ጭቃ፣ ትከሻው ሣር፣
ከሆዱ እስከ አንገቱ የሜዳው ኖራ፣ እንደ ነጭ አጥር።
የማሽኑን በር ከፈትኩ። ዘጋሁት።
በቡናማ ወረቀት ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ ወረወርኩለት።
ግምጃ ቤት ሲጠይቁኝ፣ «አርባ አንድ ጠፍቷል» ብዬ ፈረምኩ።
በሃያ ስድስት ዓመት አንዴ ዋሸሁ።
(ሁለቴ፤ ያኛው ግን ሌላ ነው።)

መዝገቡ ይላል፦ ሰባ ለጋ፣ ሃምሳ ሦስት አገባ።
ጭቃው የለበትም።
ከአባቱ ማሳ ተመልሷል አሉ። ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም።
ባለፈው መኸር ግን ከበሬ ሥር አንድ ከረጢት አገኘሁ፣
የላኪ ስም የሌለበት፣
ሱፍ፣ የተቆላ፣
ጨው የበዛበት።