ሃያ አምስት ሳንቲም

ቀጥ ብሎ ነው የገባው። ምስክሬ ሞርሳው፣
ምስክሬ ሞረዱ፣ ሁለት ቀን ያሳሳው።
ከተቃጠለ ዘይት፣ ከባልዲው ሳወጣ፣
ወደ ግራ ዞሮ፣ አኩርፎ መጣ።

ባሌስትራ ነበር፣ የአይሱዙ ትከሻ፣
ከአባይ በረሃ ማዶ እህል ማመላለሻ፤
ጎንበስ ማለት፣ ቀና ማለት ልማዱ ነው፤
ምናልባት ትዝ ብሎት ነው።

መዶሻ አነሳሁ። «ተው!» አሉኝ ጋሽ ሽኩር፣
ሳይጮኹ፣ ሳይነሱ፣ እንደ ምሥጢር ነገር፤
«አሁን ብርጭቆ ነው። አንዴ ብትመታው፣
በእጅህ ሳይሆን በመጥረጊያ ነው የምታነሳው።»

እኔ ግን ቸኩያለሁ። የእትዬ ስንዱ፣
የዶሮ ማነቂያው ሉካንዳ ነው ጉዱ፤
ሌሊት ጾም ይፈታል፣ ጠዋት ሰልፉ እስከ መንገዱ።

ቀጥ ካለ ብረት ላይ ቢላውን አስተኙት፣
ጫፍና ጫፉን በሞርሴቶ ያዙት፤
ከጎበጠበት ሥር፣ ከሆዱ መሃሉ፣
ኪሳቸውን ዳብሰው አንድ ሳንቲም ጣሉ።

ሃያ አምስት ሳንቲም።
ያ፣ የታክሲ ረዳት «አይሠራም» የሚለው፣
ለማኝ ቢሰጡት ሰጪውን የሚያየው፣
አንዲት ፍሬ ማስቲካ መግዛት የማይችለው።
በአንድ ፊቱ አንበሳ፤ በሌላው ሴትና ወንድ
እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣
የቢላዬን ወገብ ደግፈው።

ብሎኑ ዞረ፤ ዞረ። ቢላው ቀጥ አለ።
«በቃ!» አልኩ። አልሰሙኝም።
ቀጥታውን አልፎ ወደ ቀኝ ጎበጠ።
«ጋሽ ሽኩር፣ አበላሹት!»
«ቀጥታ ላይ ከተውከው ጥመቱን ያስባል፤
አሳልፈህ ከወሰድከው፣ ደርሶ ይመለሳል።»

ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ፣ ከደገፋ ዳቦ ቤት፣
የመጨረሻው ዳቦ ወጥቶ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሌሊት፣
ገና ትኩስ ፎርኖ ውስጥ፣ ከባዶ ትሪ ላይ፣
ታስሮ ገባ ቢላው፣ የሚሆነውን ሊያይ።

ሰዓት ሳይሞላ መብራት ድርግም አለ።
ደገፋ የስንቱን እናት አነሳ፣ ጣለ።
ጋሽ ሽኩር ግን «በሩን እንዳትከፍቱት» አሉ፤
«ጡብ ነው። ሙቀት የጠገበ ጡብ ቶሎ አይረሳም።»

ዱቄት ጆንያ ላይ ተደርድረን፣ በጨለማ፣
ከጊዮርጊስ በኩል ከበሮው ሲሰማ፣
እሳቸው ተስቢሃቸውን ሲቆጥሩ፣ እኔ ስንዱን ስፈራ፣
ጧፍ የያዘ ሰው በመስኮቱ አለፈ፣ ፊቱ እየበራ።

ሲነጋጋ ተከፈተ። የጠጅ መልክ ይዟል።
ብሎኑ ሲላላ «ቲን!» አለ፤
ተመለሰ…
ተመለሰ…
አንድ ቦታ ላይ፣ ደክሞት እንደሆን እንጃ፣ ቆመ።

ጋሽ ሽኩር አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
የቢላውን ጀርባ ወደ ንጋቱ አቅንተው፣
ብዙ ቆዩ።
«ፀጉር የምታህል ቀርታለች።»
«እንመልሰው?» አልኩ።
«ፋሲካችሁ ነው» አሉ፤ «ትቅር።»

እትዬ ስንዱ አላዩትም። ስለቱን በጥፍር ነክተው፣
ከተሰቀለው ሽንጥ ሁለት ኪሎ አንስተው፣
«ቀጣይ!» አሉ።

«እንካ፣ መልስህ» ብለው ሳንቲሙን ሰጡኝ።
ዘይት ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል።
በሴቲቱና በወንዱ ላይ ቀጭን መስመር ተጋድሟል፣
ሌሊቱን ብረት የተጫናቸው።
እጃቸውን ግን አላወረዱም።