አሮጌ ቁልፍ

ከሰዓት ነው፤ ድሬ በሯን ዘግታ ተኝታለች፣
የከዚራዋ ዛፍ ጥላዋን እግሯ ሥር ሰብስባለች፤
ማራገቢያው እያቃሰተ ይዞራል፣
ሙቀቱን ካንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያዛውራል።
እኔ ሻሼን ፈትቼ፣ ላፕቶፑ ጭኔን እየጠበሰኝ፣
የቀፊራ ሴቶች ቁጠባ ማኅበር አደራ ሰጥቶኝ
ጃቫ እጽፋለሁ።

ሦስት መቶ አሥራ አንድ ስም፤ ከስሙ ጎን ስልክ፣ ከስልኩ ጎን ብር፤
የሽንኩርት ሻጯ የሙንተሃ፣ ባሏ የማያውቀው ምሥጢር።
"ኢፍቱ፣ ወላሂ አንድ ሰው ቢያየው!" ብላኛለች፤
የቀረውን በዓይኗ ጨርሳለች።

ላይብረሪውን ጫንኩ። አራት መስመር በቃው።
"ደቻቱ ደርቋል" ብዬ ብሰጠው
ፊደል ከቁጥር የተዳቀለ፣ ጅብ ያኘከው የመሰለ ጉድ ተፋው።
መልሼ ከፈትኩት፦ "ደቻቱ ደርቋል።"
ብቻዬን አጨበጨብኩ። ጎረቤት "ምን ሆነች?" ብሏል።

ቁልፉስ? እዚያው ኮዱ ውስጥ፣ በትእምርተ ጥቅስ መሀል፣
ከሚቆልፈው ነገር ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ተቀምጧል።

ሙሴ ዘውገ፣ አከራዬ፣ የድሮ ሸሚኖ፣
ሠላሳ ዓመት የዴፖው ቁልፍ ጠባቂ ሆኖ
የኖረ፣ አንቱ ካልኩት ኪራይ እጨምራለሁ የሚል፣
ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቀው መብራት መብላቱን ያህል፣
ስነግረው መነጽሩን አወለቀ፦
"አታንሲዮን፣ ኢፍቱ!
ቁልፉን ሣጥኑ ላይ ሰክቶ የሚያድር ሰው
ሌባን እራት ጠርቶ እጁን አስታጠበው።"

ቁጣው ሲበርድ ትረካ ጀመረ፦
"ለጎማው፣ ለዘይቱ፣ ለብሎኑ፣ ለሁሉም ቁልፍ ነበረ።
ማታ ተለቅመው አንዲት የብረት ሣጥን ይገባሉ፤
የሣጥኗ ቁልፍ ግን ከሹሙ ቤት አትወጣም።
እኔ ሣጥኔን ተሸክሜ እሄዳለሁ እንጂ
እሷ ወደ እኔ አትመጣም።"

ነፋሱ ሲነሣ መመሪያውን እንደገና ገለጥኩ፤
የሙሴን ወሬ በሌላ አፍ ሲያወራ ያዝኩ፦
ቁልፍን በቁልፍ ቆልፍ፤ ዋናውን ከቤቱ አታውጣ።
የጥቅሱን ሰረዝኩ። ለዋናው ጠባቂ ጥያቄ ላክሁ፤ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦
"ፈቃድ የለህም።"
የለህም ይለኛል! ሴት መሆኔን እንኳ ሳያጣራ።
ሦስት ቀን ሙግት። በአራተኛው ሠራ።

ከዚያ ደግሞ ቁልፍ ቀይር አለኝ፣ በየዘጠና ቀኑ።
እሺ። አዲሱን አስገባሁ፣ አሮጌውን ደመሰስኩ፤
ለሙከራ የሞላኋቸው አርባ ስሞች በዚያው ቀሩ።
አሉ፤ ግን አይናገሩም።
እንኳን የሙንተሃ አልነበረ!

ሙሴ ሳቀ። ካንገቱ ክር መዘዘ፣
ጥርሱ የተበላ፣ የዛገ ቁልፍ የያዘ።
"የዴፖው ጓጉንቸር ከተቀየረ ስንት ዘመኑ፤
ይሄ አዲስ ነገር አይቆልፍም።
ግን በሱ የተቆለፈ አንድ ሣጥን እስካለ ድረስ አይጣልም።"
የሙንተሃ ተራ ሲደርስ
አሮጌውን ከአዲሱ ሥር አኖርኩት።

ቅዳሜ ሁለት ልጆች በባጃጅ መጡ፣
የዴፖው ጥግ አንድ ቁም ሣጥን እንቢ ብሎ አታክቷቸው።
ኮቱን ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት፣ ተከተላቸው።
ሲመሽ ተመለሰ፣ መዳፉ ዝገት፣ ክርኑ አቧራ።
"ምን ነበረበት?"
"ወረቀት። የሠራተኛ ስም፣ ተራ በተራ።
የሞቱትም አሉ።"

ሌላ አልጨመረም።
ጆጉን አንሥቼ ውሃ አፈሰስኩለት፤
ዝገቱ ከመዳፉ መስመር ቶሎ አልለቀቀለት።