ድንጋዩ የታለ?

ደብተሬን አቅፌ ቢቸና ስደርስ፣
ገጣሚ ነኝ ብዬ ራሴን ሳወድስ፣
ጨረቃ በየገጹ፣ ኮከብ በየመስመር፣
እንባማ የትየለሌ፣ ማን ብሎት ሊቆጠር፤
አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የመጣሁ፣
ከቃል በቀር ሌላ ሥራ መች ቀመስሁ።

ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
ጠረጴዛ አለች፣ አንካሳ፣ ምርኩዟ ጠጠር።
ራፖር ጸሐፊ ናቸው፣ ጋሽ ሽባባው ስማቸው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት ያስረጃቸው።
ዓይናቸው ሲደክም እኔን ቀጠሩና፣
«እጅህ መልካም» አሉ፤ «ሌላው ይደርሳልና።»

በሐምሌ ዝናም መሀል ትሁኔ መጣች፣
ጭቃ እስከ ጉልበቷ፣ ጃንጥላ ያልያዘች።
ጎረቤቷ አንማው ወሰኗን ገፍቶባት፣
ሦስት ትልም ጤፍ መሬት በሌት አርሶባት።
እሷ ስትነግረኝ እኔ አልሰማኋትም፤
የራሴን ዓረፍተ ነገር ነበር የማጣጥም።

«ክንፏ የተሰበረ፣ ሰማይ የጠበባት፣
የደም እንባ አንቢ፣ ፀሐይ የጠለቀባት…»
ብዬ አነበብሁላት ድምፄን አቅጥኜ፣
በእንባዋ ልረካ ከወዲሁ ተማምኜ።
እሷ ግን ነጠላዋን ጨመቀች፣ አደመጠች፤
«ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለች፤ «ምን ሆነች?

እኔ ወፍ አይደለሁ፣ ክንፍም አልነበረኝ፤
ወሰን ነው የተገፋ፤ ትልም ነው የጎደለኝ።
ከግራሩ በታች አባቴ የተከለው፣
ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ጥጃ የሚያህለው፣
ሌት የፈነቀለው፣
ያ ድንጋይ የታለ?»

ጋሽ ሽባባው ሳቁ፤ በአፍ ሳይሆን በትከሻ፤
«ሌላ ሉክ ውሰድ» አሉኝ፤ «ሒሳቡ ካንተ ድርሻ።»

ጻፍሁት እንደገና። ክንፉን አወጣሁት፤
ድንጋዩን አስገባሁ፣ ግራሩን ረሳሁት።
«ድንጋዩ መጥቷል» አለች፤ «ግን ሜዳ ላይ ወድቋል፤
ዳኛው ዛፉን ካላየ በምኑ ያውቀዋል?»
ሦስተኛው ረዘመ፤ አራተኛው አነሰ፤
አምስተኛው በ‹ክቡር› በ‹ክቡር› ፈሰሰ።
እሷ ማንበብ አትችል፤ ፊደል አልቆጠረች፤
ውሸት ቃል ባለፈ ቁጥር ቅንድቧን ታነሣለች።
ጆሮዋ የበቅሎ ኮቴ ነው፣ ሙላት የሚሻገር፣
እየረገጠ የሚለይ የላላውን ጠጠር።

መሸ። ዋንዛው ጠቆረ። ፍርድ ቤቱ ተዘጋ።
እሷ ከዘመድ ቤት አደረች፤ እኔ ከኩራዝ ጋ።
ጣቴ እስኪቆለመም፣ ቀለሙ እስኪነጥፍ፣
ለሰባተኛ ጊዜ ያንኑ ድንጋይ ስጽፍ…
እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተመስጦ አልመጣም፤
ከሰማይ ወርዶ መንገድ ያበራልኝ የለም።
የመጣው የወገብ ሕመም ነው፤ ደግሞም አንዲት ቃል፤
«ነቀለ» ብዬ ነበር፤ ለካ «ፈነቀለ» ብላኛል።
አንዲት ‹ፈ› ናት ልዩነቷ፤ ግን በዚያች ‹ፈ› ውስጥ
ዶማ ይገባል፤ አፈር ይሰማል ሲገለበጥ።

ጧት አነበብሁላት። ቅንድቧ አልተነሣም።
«እ» አለች፣ በቃ። ሌላ አልጨመረችም።
አውራ ጣቷን ነክራ ከግርጌው ተጫነች፤
ስድስቱን ውድቅ ሉክ ለእሳት ማያያዣ ወሰደች።

ፈረዱላት? አላውቅም። ቀጠሮው ለጥቅምት ሆነ፤
መዝገቡም በይግባኝ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ባከነ።

ደብተሬን ግን ገለጥሁት፣ ጨረቃ የሞላውን፣
በእሷ ጆሮ ሰማሁት ያን ሁሉ ኮከቡን፤
ድንጋዩ የታለ? ብዬ፣ አንድ ጠጠር አጣሁ።
አልቀደድሁትም፤ ጀርባው ባዶ ነበር፤ እዚያ ላይ ጻፍሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ ከዋንዛው ሥር ስቀመጥ፣
ጠረጴዛዋም እንዳለች ናት፣ ጠጠሯን ሳትለውጥ።
ጋሽ ሽባባው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ተመርተው ይመጣሉ፤
«አንብብልኝ» ይላሉ፤ አነባለሁ፤ «ሰርዝ» ይላሉ።
እሰርዛለሁ።
ይቺንም ግጥም ትናንት ሰሟት በጥሞና፤
«ጥሩ ጀምረሃል» አሉ። ሌላ ሉክ አወጣሁና…